ፊት የማያሳየው መስተዋት

ጋሪው የድልድዩን አቀበት ሲያያዘው አንደኛው መንኮራኩር ጉድጓድ ገባና ጉድፌ ከነሳጥኗ ወደ ላይ ነጠረች። ሳጥኑን ግን አልለቀቀችም። እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ ለጥፋ በሁለት ክንዷ አቅፋዋለች፤ ትከሻዋ ከጣውላው ጋር ሲላተም እንኳ ራሷን ልታድን እጇን አልዘረጋችም።

«ቀስ በል አንተ! ድንጋይ የጫንክ መሰለህ?»

«ድንጋይ ብጭንማ ኖሮ ዝም ይለኝ ነበር፣ እትዬ፣» አለ ባለጋሪው ዞር ሳይል። «ቅድም ቶሎ ንዳ አሉኝ፣ አሁን ቀስ በል ይሉኛል። ለፈረሱ የትኛውን ልንገረው?»

«ቶሎም ንዳ፣ ቀስም በል።»

«እንዲህ ያለ ፈረስ ያለው ንጉሡ ብቻ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር። ዛሬ ከንፈሯ አልላቀቅ አለ። መንገዱን የሞላው ወታደር ነው፤ ብርድ ልብሱን እንደ ቋሊማ ጠቅልሎ በትከሻው ያጋደመ፣ ወደ ግንባር የሚወርድ። ከወንዙ ማዶ መድፍ በሩቁ ያጓራል።

«ለመሆኑ ምንድን ነው ሳጥኑ ውስጥ ያለው?» አለ ባለጋሪው።

«ሰው የሚውጠው ነገር ነው።»

«ሰይፍ?»

«ቱቦ ነው። ሐኪሙ በዚህ ጫፍ ዓይኑን ያደርጋል፣ በዚያኛው ጫፍ የሰው ጨጓራ ይታያል።»

«እግዚኦ! የኔን ባያዩት ይሻላል። ባዶ ቤት ለእንግዳ ማሳየት ያሳፍራል።» ሳቀ። «ዛሬስ የማንን ቤት ሊያዩ ነው?»

«የወንድሜን፣» አለች ጉድፌ።

ባለጋሪው ሳቁን ዋጠ። አለንጋውን ከተቀመጠበት ሥር አወጣ።

«ጉድፌ» ስሟ አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። ወንድሟ መነጽር ሠሪ ነው። እሱ ሌንሱን ይቀርጻል፣ እሷ ትወለውላለች። ከእጁ የወጣውን ሌንስ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አይታ «ጉድፍ አለው» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም፤ ካለችም አለች ነው፣ ንጉሥ ቢለምናት አታሳልፈውም። የጨው ቅንጣት የምታህል ነጥብ ጠርዙ ላይ ካየች ሌንሱ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ወዳለው ቆርቆሮ ይወረወራል። በዚህ ከወንድሟ ጋር ያልተኳረፉበት ወር የለም። እሱ «ጠርዝ ላይ ያለ ጉድፍ ማንን ገደለ?» ይላል። እሷ «በኔ እጅ አልፎ አይሄድም» ትላለች። ይኼው ነው፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል።

ቱቦውንም የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ከላይ ድርቅ ያለ ነሐስ ነው፣ ከታች ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል አምፖል አለችው። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ሌንስ በሌንስ ላይ ተደርድሮበታል። ከጨጓራ የተነሣው ምስል ከአንዱ ሌንስ ወደ ሌላው ቅብብሎሽ እየተላለፈ ከሐኪሙ ዓይን ይደርሳል። ባለፈው ክረምት ከተማው በመድፍ ሲደበደብ ሐኪም ቤቱ ቱቦውን ምድር ቤት ደበቀው። ምድር ቤቱም ውሃ ገባው።

ትናንት አምፖሏ ተቃጠለችና ቱቦው ወደ ሱቃቸው ተላከ። «አምፖሏ ብቻ ትቀየር» ነበር መልእክቱ። ጉድፌ ግን ብሎኑን ፈትታ አንዱን ሌንስ አወጣች፤ ያየችውን ማመን አቃታት። መስተዋቱ እንደ ርግብ አንገት ሆኗል፤ አንዴ ወይን ጠጅ፣ አንዴ ሰማያዊ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም። እርጥበቱ በልቶታል።

«ወንድሜ ይህን ዕድፍ ሊውጥ ነው?» አለች ብቻዋን።

ወንድሟ እዚያ አልነበረም። ደም ማስታወክ ከጀመረ ወዲህ ሐኪም ቤት ተኝቷል። እሷም ቀዩን የመወልወያ ዱቄትና የለሰለሰውን ጨርቋን አውጥታ፣ ሌንሱን አንድ በአንድ፣ ፊቷ ጥርት ብሎ እስኪታይበት ድረስ ወለወለች። ስትጨርስ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። ደስ ብሏታል። ለሚወዱት ሰው ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

*

የሐኪም ቤቱ ግቢ የሠረገላ ገበያ መስሏል። በረኛው በሩን ሲከፍት ጉድፌ ያየችው መጀመሪያ የኮሎኔሉን ቦት ጫማ ነው፤ እንደ መስተዋት ያበራል፣ ዓይኗ ጉድፍ ፈልጎ አጣበት። ኮሎኔሉ የጦሩ ዋና ቀዳጅ ሐኪም ናቸው። የቢላዎቻቸው ሠረገላ እየተጫነ ነው።

«ይሄ ነው ቱቦው?» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ስሚኝ፣ ሴትዮ። ነገሩን ሳልሸፍን ልንገርሽ። የወንድምሽ ጨጓራ ውስጥ ያለው እጢ ከሆነ ዛሬ ካልቆረጥኩት ማንም አይቆርጥለትም፤ እኔ ከጦሩ ጋር ነኝ፣ ከኔ ሌላ ይህን የሚሠራ በከተማው የለም። ቁስል ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚህ ድካሙ ብቀደው የምገድለው እኔ ነኝ።» ወደ መስኮቱ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ዶክተሩ በቱቦው አይቶ ይንገረኝ ብያለሁ። ለጦሩ መነሻ የመጨረሻው መለከት ሳይነፋ ካልነገረኝ፣ እቀደዋለሁ። ሳላውቅ ትቼው ከምሄድ ሳላውቅ ቆርጬው ብሄድ ይሻለኛል።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጉድፌ ትሰድባቸው ነበር። ክፉ አለመሆናቸው ነው እጅ እግሯን ያሰረው።

ክፍሉ በጥቁር መጋረጃ ጨልሟል። ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ጉሮሮው በመድኃኒት ደንዝዟል፣ ራሱን ነርሷ ይዛለች። ወፍራም የነበረው ሰውዬ ከቀበቶው ሌላ የቀረው ነገር የለም።

«መጣሽ?» አለ በደነዘዘ ምላሱ።

«መጣሁ፣ ጋሼ። እንደ ኮከብ አድርጌልሃለሁ።»

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ከእንቅልፍ ጋር ከተቆራረጠ የሰነበተ ወጣት። ቱቦውን ቀባው፣ ቀስ እያለ አወረደው፣ የባትሪውን ቁልፍ አዞረና ዓይኑን ጫፉ ላይ አደረገ። የወንድሟ ትንፋሽ በአፍንጫው ሲያፏጭ ብቻ ይሰማል።

ዶክተሩ አንገቱን አጣመመ። ቁልፉን ትንሽ ጨመረ። እንደገና ጨመረ።

«ምን አዩ?» አለች ጉድፌ።

«ዝም ይበሉ።»

ሌላም ጨመረ። ያኔ ወንድሟ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። አንዴ። ከዚያ ደጋግሞ።

«እያቃጠለው ነው!» አለች ነርሷ።

ዶክተሩ መብራቱን አጥፍቶ ቱቦውን አወጣ። መጋረጃውን ሲገልጠው ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«ምንም። ጉም ነው። በጉም ውስጥ የሻማ ብርሃን። ብርሃን ልጨምር ስል አምፖሏ ሥጋውን ትጠብሰዋለች።» ቱቦውን እንደከዳው ወዳጅ ተመለከተው። «ባለፈው ሳምንት በዚሁ ቱቦ የአንድ ወታደር ጨጓራ እንደ መዳፌ ነው ያየሁት! ያን ያህል ጥርት ብሎልኝ አያውቅም። እጄ ተፈታ፣ ዓይኔ ሠለጠነ ብዬ ኮርቼ ነበር። አምፖሏ ያችው ዓይነት ናት?»

«ያችው ናት።»

«ሌላ የነካችሁት ነገር አለ?»

«ምን እነካለሁ? ወልውዬዋለሁ እንጂ። ዕድፍ ለብሶ ነበርኮ! አንድም ሳይቀረኝ ነው ያጸዳሁት።»

ወንድሟ በክርኑ ቀና ለማለት ሞከረ። ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ተንቋቋ።

«ምን… ዓይነት ዕድፍ?»

«እንደ ርግብ አንገት ያለ፣ ጋሼ። ብታየው ታፍር ነበር።»

«መወልወል ያጠራል እንጂ እንዴት ያጨልማል?» አለ ዶክተሩ። «አይሆንም። ዓይኔ ነው የደከመው።»

«ቆይ፣» አለ ወንድሟ። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አረፈ። «ስትወለውዪው… ምን አየሽ? ከመወልወልሽ በፊትና በኋላ።»

ጉድፌ መናደድ ጀምራ ነበር። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ለፍቶ እንደ ሌባ ይመረመራል? ግን ጋሼ ነው የጠየቃት። አሰበች።

«በፊት ፊቴን አላሳይ ብሎኝ ነበር። መስኮቱም አይታይበትም፤ እንደ ጉድጓድ ጭልም ያለ ነው። ወልውዬ ወልውዬ ፊቴ ሲታየኝ ነው ጨረስኩ ያልኩት።»

«ፊትሽን ማን አመጣልሽ?»

«ማን ያመጣዋል? ብርሃን።»

«ወደ አንቺ ከተመለሰ፣» አለ ወንድሟ፣ «ወደ ፊት አልሄደም።»

ዶክተሩ ጣቱን በቱቦው ላይ ከታች ወደ ላይ እየጎተተ፣ በሌንስ በሌንሱ ላይ አፍታ እያቆመ፣ ለራሱ መናገር ጀመረ። «እዚህ ሲገባ ትንሽ ይመለሳል። ሲወጣ ትንሽ። እዚህም ሲገባ፣ ሲወጣም… አንዱ ሌንስ የሚመልሰው ከቁም ነገር አይገባም። ግን ሁሉም እየተባበሩ…»

«እንደ ነጋዴ ነው፣» አለ ወንድሟ። «በየኬላው አንድ አንድ እፍኝ ሲቀርጡት፣ ገበያ የሚደርሰው ባዶ ጆንያ ይዞ ነው።»

«ዕድፉስ?» አለ ዶክተሩ።

«ዕድፉ ኬላውን ከፍቶት ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ከፍቶት ነበር።»

ጉድፌ እጆቿን አየቻቸው። ለገዛ ወንድሟ የሚያይለትን ዓይን በጨርቅ ያጠፋችው እሷ ናት፤ ያውም ደስ እያላት። እዚያው ቁጭ ብላ እሪ ማለት አማራት፤ ግን አልቅሶ ያበራ መብራት አይታ አታውቅም።

ድንገት ቀና አለች።

«ቆርቆሮው!»

«የቱ ቆርቆሮ?» አለ ዶክተሩ።

ወንድሟ ገብቶታል። በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ከንፈሩ ወደ ጎን ፈገግ አለ። «የኛ ጠብ፣» አለ። «ጠርዛቸው ላይ ጉድፍ አለ ብላ የጣለቻቸው። ዓመት ከዓመት ዝናብ ላይ ናቸው፤ እነሱንም እርጥበቱ ሳይበላቸው አይቀርም። መጠናቸው ያው ነው፤ ካንድ ልክ ነው የወጡት።»

ጉድፌ ሳጥኑን አንሥታ በሩ ላይ ደርሳለች።

*

በሱቁ መስኮት ሥር ጥቁር ጨርቅ ዘርግታ ቆርቆሮውን ገለበጠችው። ሌንሶቹ ከደረቀ ቅጠልና ከሞተ ጉንዳን ጋር ተዘረገፉ። ባለጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«እትዬ፣ መለከቱ አንዴ ተነፍቷል።»

«ሰምቻለሁ።»

ሌንሶቹን በንጹሕ ውሃ ነከረቻቸው፤ ሳታሻቸው ጠርዛቸውን ይዛ አራገፈቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አነሣች። ፊቷን ያሳያትን ወደ ግራ፣ ፊቷን የነሣትን ወደ ቀኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራ የኖረችውን ነገር ወደ ኋላ እየሠራችው ነው። ወይን ጠጁ ይገባል፤ ጥሩው ይጣላል። አንጀቷ እምቢ ይላል።

ቱቦውን ፈታች፤ የወለወለቻቸውን እየገፋች አወጣች፣ ዕድፋሞቹን መደርደር ጀመረች። አራተኛው ላይ ስትደርስ አንድ ነገር አስደነገጣት። ቀኝ እጇ ሳታዘው ጨርቁን አንሥቷል። ሌንሱን ሊጠርግ የፀጉር ያህል ነው የቀረው።

ጨርቁን እንደ ፍም ወረወረችው።

«ያዝልኝ! ብለምንህም እንዳትሰጠኝ!»

ባለጋሪው ከአየር ላይ ቀለበው። «ቢያለቅሱስ?»

«ባለቅስም።»

መጨረሻ ላይ ዕድፋሞቹ አልበቁም። ጥቂት ቦታ ጎደለ። በጎደለው ያጸዳቻቸውን መለሰች። በቂ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። ብሎኑን አጥብቃ ስትነሣ ጉልበቷ ተንቋቋ።

ድልድዩ ላይ ጦሩ መንገዱን ዘግቶታል። ፈረሱ ቆመ። አንድ አሥር አለቃ መንገድ የለም ብሎ እጁን ዘረጋ። ባለጋሪው ከመቀመጫው ብድግ አለና እንደ ጄኔራል ጮኸ።

«የኮሎኔሉ ዕቃ ነው! ኮሎኔሉ ቢላ ይዘው ቆመዋል! ስምህ ማን ነው አንተ? ያገደኝ ማን ልበላቸው?»

አሥር አለቃው ስሙን አልተናገረም። ወታደሩ ለሁለት ተከፈለ።

«ዋሸህ፣» አለች ጉድፌ ካለፉ በኋላ።

«የቱ ላይ ነው የዋሸሁት? ቢላ አልያዙም?»

*

ይዘዋል። ኮሎኔሉ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ቢላዎቹ ከፈላ ውሃ ወጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ነርሷ ቁስለኞች መጥተው ወደ ታች ተጠርታለች። ኮሎኔሉ ቱቦውን ተቀብለው ወደ ጫፉ አፈጠጡ።

«ይሄ ቆሻሻ ነው።»

«አዎ ጌታዬ፣ ቆሻሻ ነው።»

«ንጹሑ የት አለ?»

«ንጹሑ ነው ያሳወረን።»

ኮሎኔሉ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «ይህን ለታማሚ ታወርዳለህ?»

«ብርሃኑን እየቀማን የነበረው ጥራቱ ነው፣ ጌታዬ። ውጩ ታጥቧል፤ ለውስጡ እኔ ኃላፊ ነኝ።»

«ራሱን ማን ይይዝልሃል?»

«እኔ፣» አለች ጉድፌ።

መጋረጃው ተዘጋ። የወንድሟን ራስ በሁለት መዳፏ ያዘች፤ አንገቱ እንዳይጣመም ወደ ኋላ ደገፍ አደረገችው። እንዲህ የተያያዙት ልጆች ሳሉ ነው፤ ያኔ እሱ ነበር እሷን የሚይዛት። ቱቦው ሲወርድ ጉሮሮው በጣቶቿ ሥር ሲዘል ተሰማት። እንባው አውራ ጣቷን አረጠበው።

«አይዞህ፣ ጋሼ። ዋጠው። የራስህ ሥራ ነው፣ ምን ይጎመዝዝሃል?»

ቁልፉ ጠቅ አለ። ዶክተሩ ዓይኑን አስጠጋ።

ጉድፌ ቁልፉን እስኪጨምር ጠበቀች። ድምፅ የለም። ወንድሟ ጠረጴዛውን እስኪመታ ጠበቀች። እጁ አልተነሣም።

«አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ፣» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ተለውጧል። «እንደሱ። እንደሱ ያዙት።»

«ምን አለ?» አሉ ኮሎኔሉ።

«ብርሃን አለ፣ ጌታዬ። ያን የመጀመሪያውን ያህል አይደለም፤ ግን አለ። እጥፋቶቹ ይታዩኛል። ቀይ… ደም የለም… ቆይ። ቆይ። አገኘሁት።»

«እጢ ነው?»

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። «ራስዎ ይዩ።»

ኮሎኔሉ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ቆባቸውን አውልቀው ለማንም ሳይሰጡ መሬት ላይ ጣሉት። ዓይናቸውን አስጠጉ። ከውጭ የመጨረሻው መለከት ተነፋ፤ ሠረገሎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ አንድ ሰው ከግቢው «ኮሎኔል ጌታዬ!» እያለ ይጣራል። ኮሎኔሉ አልሰሙም። ጉድፌ በጨለማው ውስጥ የሳቸውን ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ በመዳፏ የወንድሟን ደም ሥር።

«ክብ ነው፣» አሉ በመጨረሻ። «ጠርዙ ልስልስ ያለ። ሥሩ ነጭ፣ ንጹሕ። እብጠት የለው፣ ሻካራነት የለው።» ቀና አሉ። «ቁስል ነው። የተራ ሰው ቁስል። ወተት ይጠጣ፣ ይተኛ፣ አይናደድ።»

እጅጌያቸውን አወረዱ። «ቢላዎቹን ጠቅልልልኝ፣» አሉት ዶክተሩን። ቆባቸውን ከመሬት አነሡና በሩ ላይ ቆም ብለው ወደ ጉድፌ ዞሩ። «ከግንባር ከተመለስኩ አንድ ቱቦ ትሠሩልኛላችሁ። ልክ እንዲህ የቆሸሸ።»

«ከዚህም አብልጬ አቆሽሽልዎታለሁ፣ ጌታዬ።»

ቦት ጫማቸው በኮሪደሩ ራቀ።

«ሳላወጣው አንዴ ይዩት፣ እትዬ፣» አለ ዶክተሩ የወንድሟን ራስ ተቀብሏት።

ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ትንሽ ክብ፤ በክቡ ውስጥ ቀይና ርጥብ የሆነ ነገር፣ ቀስ እያለ የሚተነፍስ። ይህ ጋሼ ነው። ከእሷ ጋር ሲጣላ የኖረው ሆድ። በመሐሉ ነጭ ነጥብ አለች።

«ጉድፍ አለው፣» አለች፤ ከልማዷ ነው የወጣው።

«አዎ፣» አለ ዶክተሩ። «ጉድፍ ብቻ ነው።»

ቱቦው ሲወጣ ወንድሟ ሳለ፣ ተፋ፣ ተነፈሰ። መናገር እስኪችል ድረስ እጇን ይዞ ቆየ።

«አሳለፍሽው?» አለ።

«ምኑን?»

«ጉድፉን።»

«ለዛሬ ብቻ ነው፣» አለች ጉድፌ። «እንዳትለምድ።»

ብርድ ልብሱን ከቤት ልታመጣለት ወጣች። ግቢው ባዶ ሆኗል፤ የሠረገላ ዱካና የፈረስ ፋንድያ ብቻ ነው የቀረው። ባለጋሪው ፊቷን አየ፤ ጥያቄ አልጠየቀም። ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላትና፣ እጇ ሳይደርስ መልሶ ሰበሰበው።

«ቢለምኑኝም እንዳልሰጥ ታዝዣለሁ።»

«መች ለመንኩህ?» አለች፤ ጋሪው ላይ ወጣች። «ፈረስህን ጥረግበት። ላቡ ይታያል።»

ጋሪው ተነሣ። ጉድፌ ባዶ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ዝቅ ብላ አየች፤ ጣቶቿ ቀሚሷን ክብ ክብ እያሉ ይወለውላሉ። ያዘቻቸው። ለቀቀቻቸው። መልሰው ጀመሩ።